ገሳ የለበሰው ሶላር

የእናቴ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። እኛ ያለንበት ሞጣ ዝናቡ አላባራ ብሏል፤ እሷ ያለችበት ቢቸና አካባቢም እንዲሁ ይሆናል። ባለቤቴ «ቻርጅ ጨርሰው ይሆናል፣ ተቀመጪ» ይለኛል። እንዴት ልቀመጥ? ወጣ ብዬ ሰማዩን አያለሁ፣ ተመልሼ እደውላለሁ። እንዲህ ያቁነጠነጠኝ ክረምት ድሮም ነበረ።

ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ከእናቴ ጋር ነበርኩ። ሞጣ የሚኖረው አጎቴ፣ ስሜ ለነርስነት ትምህርት ከተመረጡት ጋር ከወጣ ሊደውልልኝ ቃል ገብቷል። ምዝገባው በዚያው ሳምንት ያበቃል። ካመለጠኝ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ፤ ለጋብቻ ሽማግሌ መመላለስ ጀምሮ ነበር።

ስልካችን የሚሞላው በሶላር ነው። የተከለልን ሰው በደንብ አስረድቶናል፦ የማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያለው ሰሌዳ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፣ ቤት ያለው ባትሪ ያጠራቅማል፣ አምፖሉና ስልኩ ከባትሪው ይወስዳሉ። ቀይ ሲበራ ባትሪው ባዶ ነው፣ አረንጓዴ ሲሆን ሞልቷል። ቀዩ ግን አልለቅ አለ። ደመናው ነው ብዬ ሰማዩን ረገምኩ። እናቴ የጠበሰችልኝን እሸት በቆሎ እንኳ ይዤው እዞራለሁ እንጂ አልበላውም።

በመጨረሻ መሰላል አስደግፌ ወጣሁ። ሰሌዳው ላይ እናቴ ለዝናብ የምትደርበው የሣር ገሳ በድንጋይ ተጭኖ ተዘርግቷል።

«እማዬ! ይሄን ማን አለበሰው?»

«እኔ ነኛ! በዚህ ዝናብ ራቁቱን ይደር? ቢበላሽ ማን ይሠራልናል?»

«ዝናብ አይጎዳውም እኮ። እሱ የሚፈልገው ብርሃን ነው።»

«ፀሐይ በሌለበት ምን ብርሃን አለ?»

«በደመናም ብርሃን አለ እንጂ! ታዲያ እኔን በምን እያየሽኝ ነው?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ገሳውን ወርውሬ፣ ሰሌዳውን ጠርጌ ወረድኩና ባትሪው ፊት ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ዋለ፤ ቢሆንም ወደ ማታ ግድም ቀዩ ለቀቀ። ስልኩ ነፍስ ከመዝራቱ ጮኸ።

«የት ጠፍታችሁ ነው?» አለ አጎቴ። «ስምሽ ወጥቷል! ምዝገባው ነገ ያበቃል፤ በጠዋት ከቢቸና መኪና ያዢ።»

እየዘለልኩ ዞር ስል እናቴ ገሳዋን ታራግፋለች።

«ሆን ብዬ አይደለም» አለችኝ። «ግን ባይደውልም አይከፋኝም ነበር።»

ሰምቻታለሁ። ልቤ ግን ሞጣ ደርሶ ነበር።

ይሄን ሳስብ ስልኬ ጠራ፤ እናቴ ናት።

«ትናንት በረዶ ሲጥል ገሳዬን አለበስኩት። ረስቼው አድሬ፣ ባትሪው አለቀብኝ። አሁን ነው የገፈፍኩት።»

«ማን ወጥቶልሽ?»

«ራሴ ነኛ! ስትደውዪ ባታገኚኝ ትጨነቂያለሽ ብዬ።»

በዚያ ዕድሜ፣ በረጠበ መሰላል። ልቆጣት ግን አልቻልኩም። ያኔ ያ ቀይ መብራት እስኪለቅ የምጠብቀው ከእሷ ለመሄድ ነበር። ነገ በጠዋት ወደ ቢቸና መኪና እይዛለሁ፤ ሰሌዳውን እጇ ከሚደርስበት አወርድላታለሁ።