ሙሽራዋ ሳትኖር የተነሳ የሰርግ ፎቶ

ይህ ነገር የገጠመኝ ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ፣ መካነ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ገና ስፍጨረጨር ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰርግ፣ ስንት ምርቃት አንስቻለሁ። ይቺን ፎቶ ግን አልረሳትም፤ የተጀመረችው በእኔው አፍ ጥፋት ነዋ!

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ጉርድ ፎቶ ይዘው መጡ። ፎቶው የልጃቸው የኸዲጃ ነው፤ ለፓስፖርት ያነሳኋት እኔው ነኝ። ኸዲጃ ለሥራ ጅዳ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ድምጿ ከጠፋ ደግሞ ስምንት ወር። ትኑር ትሙት የሚያውቅ አልነበረም።

«ልጄ፣ ትናንት በህልሜ አየኋት» አሉኝ። «ያ የፈረሰው መጋዘን ውስጥ ቬሎ ለብሳ ብቻዋን ቆማለች። ብጠራት፣ ብጠራት አትሰማኝም።»

የእኛ አገር ሰው ህልም ሲነገረው መጀመሪያ «ኸይር ነው» ይላል፤ እስላምም ይሁን ክርስቲያን። ህልም እንደ ፈቺው ነውና። እኔ ቀልቃላዋ ግን «ቬሎ? ወይኔ!» ብዬው አረፍኩ። ሰርግ በህልም ልቅሶ ነው ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ!

እትዬ ዘይነባ ፊታቸው ጠቆረ። ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉና «በክፉ ፈታሽብኝ» አሉ። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው! እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

ጉርዱን ፎቶ እጄ ላይ አስቀመጡና «እንግዲያው አንቺው አቅኚው» አሉኝ። «እዚያው መጋዘን ፎቶ አንሺልኝ። እንዳየሁት ቬሎዋን ትልበስ። ግን ብቻዋን አትሁን፤ ቤቱን ሰው ሙዪልኝ።»

ደሴ ሄጄ ፎቶ በኮምፒውተር ማቀናበር ተምሬ ነበር። እምቢ የምልበት አፍ ከየት አባቴ ላምጣ?

በማግስቱ ጠዋት ከከተማው ጫፍ ወዳለው መጋዘን ሄድን። ከደርግ ጊዜ የቀረ የእህል መጋዘን ነው፤ ቆርቆሮው ግማሹ ተነቅሏል፣ ውስጡን ርግብ ሰፍሮበታል። ባለቤታቸው ጋሽ ይመር «ኧረ ይቺ ሴት አበደች!» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ቢሆንም ደህናውን ኮታቸውን ለብሰው መጥተዋል። ጎረቤቱም ወሬውን ሰምቶ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ችግር የሆነብኝ የሙሽራዋ አካል ነው። ጉርዱ ፎቶ ከደረት በላይ ብቻ ነው። የማከራየውን ቬሎ ለብሳ በኸዲጃ ቦታ የምትቆም ልጅ ፈለግኩ። የመጡት ልጃገረዶች ሁሉ «ህልሙ እኛ ላይ ቢደርስስ?» ብለው ሸሹ።

«ወዲህ በይው!» አሉ እትዬ ዘይነባ። ጥግ ወስጄ አለበስኳቸው። በሃምሳ ምናምን ዓመታቸው ነጭ ቬሎ ለብሰው፣ አበባ ይዘው ብቅ ሲሉ መጋዘኑ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ጋሽ ይመር «ወላሂ ያኔም እንዲህ አላማርሽም!» ሲሏቸው እሳቸውም ሳቁ። ከስንት ወር በኋላ!

መጀመሪያ በቬሎው፣ ቀጥሎ በራሳቸው ልብስ ከባለቤታቸው ጎን አቁሜ አነሳኋቸው። ጎረቤቱንም ግራና ቀኝ ሞላሁበት።

መብራት እየሄደ እየመጣ ማቀናበሩ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የኸዲጃ ፊት የፓስፖርት ፊት ነው፤ በሰርጓ ላይ ተኮሳትራለች። አንገቷ ላይ ያለው መጋጠሚያም አልጠፋ አለኝ። ጋሽ ይመር አይተው «የሙሽራዋ አንገት ወልቋል እንዴ?» አሉ። እትዬ ዘይነባ ግን ስመው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ሌላውን ቅጂ ለእረፍት መጥታ ወደ ጅዳ ለምትመለስ የሰፈራችን ልጅ ሰጧት፤ ላገኘችው ያገር ልጅ ሁሉ እንድታሳይ አደራ ብለው።

ከሁለት ወር በኋላ ፎቶ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ።

«ሄሎ፣ ኸዲጃ ነኝ።»

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ከአሠሪዎቿ ቤት ስትጠፋ ስልኳም፣ የቤተሰቧ ቁጥርም እዚያው ቀርቶባት ነበር። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሲደርሳት ከጀርባው ስልክ ቁጥሬ ያለበትን የፎቶ ቤቴን ማህተም አይታ ነው የደወለችው።

«እናትሽን ላገናኝሽ!» ብዬ ስልኩን እንደያዝኩ ወደ በሩ ስንደረደር «ቆይማ» አለችኝ። «ቬሎውን የለበሰችው እማዬ ናት አይደል? እጇን አውቄዋለሁ። ምነው እንዲህ ከሳ? አሟት ነበር?»

ክው አልኩ። ለካ እትዬ ዘይነባ ያን ሁሉ ወር እህል በወጉ አልቀመሱም! ልጅቷ ባሕር ማዶ ሆና ያየችውን እኔ ሦስት ቀን ሙሉ አፍጥጬበት አላየሁትም።

«አሁን ድምፅሽን ሲሰሙ ይወፍራሉ!» አልኳትና ስማቸውን እየጠራሁ ሮጥኩ።

ኸዲጃ በዓመቱ በሰላም ገባች። ያቺን ፎቶ ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ያሳፍረኛልም። ዛሬ ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲመጣ፣ ካሜራዬን ከማንሳቴ በፊት እጁን አያለሁ።