የረቡዕ ማኪያቶ

ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጭንቅላቴ እንደ ድሮው አልታዘዝ አለኝ። ሐኪሙ በየጠዋቱ በእግር መሄድና ልብን በጸጥታ ማሳረፍ ለማስታወስ ይበጃል አለኝ። ኪኒን ሳያዝልኝ በምክር ሸኘኝ ብዬ ተቀየምኩት፤ በኋላ ግን ወደድኩት።

የመንገድ ጓደኛ አላጣሁም። ከጅማ በኩል መጥቶ ሚዛን ገበያ አጠገብ ሱቅ የከፈተ የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ ምላሱን ግን አያመውም። ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ትንሽ እንደሄድን ወሬ እናቆማለን። እሱ መቁጠሪያውን ይዞ ዚክሩን ያደርጋል፤ እኔ የዕለቱን ጸሎት በልቤ እደግማለሁ፤ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። ባጃጆች እየጮኹብን ያልፋሉ፣ እኛ ወይ ፍንክች። ስንመለስ ሻይ ቤት ጎራ እንላለን። በቀኑ ውስጥ ሰው መሆኔ የሚሰማኝ ያን ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን ልጄ ከእንግዲህ በእግር መውጣት ቀረ አለችኝ። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን በባጃጅ፣ ያውም ከሰው ጋር። ምን አጠፋሁ ብላት፣ ትናንት በጾም ቀን፣ በረቡዕ፣ ማኪያቶ መጠጣቴን ነገረችኝ። ረቡዕና ዓርብን ሽሬ አላውቅም። ሐሙስ ነበር ብዬ ተሟገትኩ፤ የሐሙሱን ጸሎት ደግሜ አይደል የገባሁት? ሐሙስ ዛሬ ነው አለችኝ። ሬዲዮኑም ከሷ ጋር አበረ።

ማን ነገራት? ከመንገድ ጓደኛዬ ሌላ ማን አብሮኝ ነበርና። የባሰው ደግሞ ተከተለ፤ ከመጀመሪያውም እንዲጠብቀኝ ለምናው እንደነበር አመለጣት። ለካ ጓደኛ ያልኩት ዘበኛዬ ኖሯል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። «ጃጅቷል» ሳይላት አልቀረም ብዬ ተንገበገብኩ። አረጀሁ እንጂ መች ጃጀሁ? ክህደት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በማግስቱ ሳታየኝ ወጥቼ ሱቁ ሄድኩ። ስኳር እየመዘነ ነበር። ሰላምታውን አልመለስኩም። ለልጄ መንገርህስ ይሁን፣ ጾሜን ስሽር አጠገቤ ተቀምጠህ እንዴት ዝም ትላለህ አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ መንገደኛው ዞር ዞር አለ።

ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ዝም አላልኩም» አለኝ። «ዛሬ ረቡዕ ነው አልኩህ። አውቃለሁ አልከኝ። ደግሜ ነገርኩህ። አውቃለሁ አልኩህ እኮ ብለህ ጠጣኸው።»

ፊቱን አየሁት። ሲዋሽ አውቀዋለሁ፤ ደንበኛ ላይ ሲዋሽ ስንቴ ስቄበታለሁ። አሁን አልዋሸም። ያለኝን ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ፈለግሁት፤ ጭራሽ የለም። የከዳኝ እሱ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቀን ነበር። ከገዛ ራሴ ጋር ማን ያስታርቀኛል?