ጋቢ የለበሰው ምድጃ

የሱሉልታው ኦቦ ሞቱማ ሜትር የያዘ ሰው አያምኑም። የተለካ ቤት ይፈርሳል ባይ ናቸው። አሮጌውን የብረት ምድጃ ያለ ፈቃድ ተክለው፣ የጭስ ቧንቧውን ከማዳበሪያ ከረጢት በተሰፋው ኮርኒስ አሹልከው በጣሪያ ያወጡትም ለዚሁ ነው።

አንድ ማለዳ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛዋ ላሊሴ ሜትሯን ይዛ አንኳኳች። እሳቸውም በበሩ ስንጥቅ ሜትሯን አይተው፣ እንዳታይባቸው የጋለውን ምድጃ በጋቢያቸው ሸፍነው ከፈቱላት።

«ደግሞ ምን ልትለኪ ነው?»

ላሊሴ ጭሱ ሸተታት። በጎናቸው ሾልካ ገባችና ጋቢውን ጎትታ ደጅ ጣለችው። ቀና ስትል ቧንቧው የነካው ማዳበሪያ እየቀለጠ ይንጠባጠባል።

«ኦቦ፣ ይሄን ማዳበሪያ ዛሬውኑ ቆርጠው ከቧንቧው ያርቁት፤ ሊቃጠሉ ነው እኮ።»

«ቤቱንስ መቼ ልታፈርሱት ነው?»

«የእርስዎን ቤት ማን ጠየቀ? የጎረቤትዎን አጥር ልለካ መጥቼ፣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ልጠይቅዎት ነው ያንኳኳሁት።»