ሆራ የተከለከለችው ላሜ

የልጅ ልጄ ለላሞቹ የሚላስ የማዕድን ጨው ከነቀምቴ ገዝቶ በመጣ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጨው ምን አደረገኝ? ምንም። ግን በጃንሆይ ጊዜ፣ አርጆ አጠገብ አዲስ ሙሽራ ሆኜ የደረሰብኝን ያስታውሰኛል።

ስዳር አባቴ ዳለቻ የምትባል ግራጫ ላም ሰጥቶኝ ነበር። ወተቷም ቅቤዋም የራሴ ነው። ይህ ለአማቴ አልተዋጠላትም፤ የራሷ ላም ያላት ምራት እጄን አታይም ብላ ነው።

የእኛ አገር ከብት ሳር ብቻ በልቶ አይኖርም። በየጊዜው ሆራ፣ ያንን ጨዋማ የምንጭ ውሃ፣ ካልጠጣ የበላው አይሆነውም። በዚያ በጋ ጭቃ ሹሙ ሆራውን አጥሮ ዘበኛ አቆመበት። ጭቃ ሹሙ የአማቴ ወንድም ስለሆነ የእኛን ቤት ከብቶች አልከለከለም። የአማቴ እረኛ እየነዳ ይወስዳቸው ነበር።

ዳለቻ ግን ከሳች። ፀጉሯ ቆመ፣ ወተቷ ነጠፈ። ግድግዳ ትልሳለች፣ አፈር ትበላለች፤ ይባስ ብላ አጥንት ማኘክ ጀመረች። የአማቴ ላሞች ደግሞ ወዝተዋል። አማቴ ጎረቤት ሰብስባ፣ "ኩን ሰአ ሚቲ፣ ዋራቤሰ!" አለች። ይቺ ላም አይደለችም፣ ጅብ ናት ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱ እኔንም ጭምር በጎሪጥ ያየኝ ጀመር። ባሌም የእናቱን ቃል አመነ። ቅዳሜ እንዲወስዳት ለባለሉካንዳው ተነገረው።

ዓርብ ዕለት ዳለቻን ራሴ እየነዳሁ ሆራ ወረድኩ። ዘበኛው ዱላውን በሩ ላይ አጋደመ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ በእኔ አትፍረጂ። ይቺን እንዳታስገባ ያሉኝ አማትሽ ናቸው። እረኛውም ሁልጊዜ እሷን ውጭ ትቶ ነው የሚገባው።"

መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። ሲገባኝ ዓይኔ ጨለመ። ዱላውን በሁለት እጄ ይዤ፣ "ከፈለግህ እኔን ምታ!" አልኩት። ስንታገል ዳለቻ በጎኔ ሾልካ ገባች። ቀና ሳትል ጠጣች። እኔ ቆሜ አለቀስኩ፤ የንዴት ለቅሶ ነው።

ቤት ስንደርስ አማቴ ከባሌ ጋር ደጅ ተቀምጣለች።

"ጅብሽን የት ወስደሻት ነው?" አለችኝ።

"ሆራ ጠጥታ መጣች፣ አዮ፣ እናቴ። ዘበኛው እርስዎ ያዘዙትን ነግሮኛል።"

ባሌ ዞሮ እናቱን አያት። እሷ መሬት መሬት አየች። እሱም ተነሥቶ ባለሉካንዳውን ሊያስቀር ሄደ። ከዚያ በኋላ ዳለቻን ሆራ የሚያወርዳት እሱ ራሱ ሆነ። አገገመች፣ ብዙ ጥጆችም ወለደች።

አማቴ በእርጅናዋ እኔው እጅ ላይ ወደቀች። ጠዋት ጠዋት የዳለቻን ልጆች ወተት አሙቄ እሰጣት ነበር። ኩባያውን ስትቀበለኝ፣ "ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ፣ እግዜር ይባርክሽ" ትለኛለች። እኔም አሜን እላለሁ። ስለዚያች ላም ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ሳትል ሞተች። ሰው ሁሉ ይቅር በያት ይለኛል። እሷ ያልጠየቀችኝን ይቅርታ ከየት አምጥቼ ልስጣት?