ኪሱ ውስጥ የቀረው ፊውዝ

ያን ቀን አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ የነበርነው አባቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ሰዒድ፣ ሻይ ያመጡልን ጎረቤታችን እትዬ ዘይነብና እኔ ነን። ዛሬ ሰመራ ላይ ልጄ ከእንጨት ሥራ ትምህርቱ ሲመለስ ሸሚዙ ሰጋቱራ ሰጋቱራ ሸተተኝና ሁሉም መጣብኝ።

ዘመኑ ደርግ ነበር። የአባቴ ሕግ አንድ ነው፤ መሰንጠቂያ ማሽኑን የሚያጸዳ ሰው አስቀድሞ ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፤ የሚመልሰውም ያው የነቀለው ሰው ነው። ሰዒድ ጎንበስ ብሎ መጋዙን ሲጠርግ አባቴ፣ «ፊውዙስ? ጣት እንደ ጥፍር የሚያድግ መሰለህ?» አለው።

ሰዒድ እየሳቀ ኪሱን መታ መታ አደረገ። «ይኸው እዚህ ነው፣ አባባ።»

ወዲያው ለውትድርና የሚያፍሱ ታጣቂዎች ገቡ። እትዬ ዘይነብ «ኧረ በአላህ! ልጅ እኮ ነው!» እያሉ ቢለምኗቸውም ይዘውት ሄዱ። ፊውዙም አብሮት ሄደ።

በማግስቱ አንድ ደንበኛ አባቴን፣ «ሌላ ፊውዝ ግዛና ሥራህን ሥራ እንጂ» አለው።

«የልጄ እጅ ገና ማሽኑ ውስጥ ነው» አለ አባቴ።

እኔ እውነት መስሎኝ ማሽኑ ሥር ገብቼ የሰዒድን እጅ ፈለግሁ። አባቴ እስኪሞት ያ ማሽን ዳግመኛ አልዞረም።

አሁን ልጄን «ከማጽዳትህ በፊት ኤሌክትሪኩን አጥፍተሃል?» እያልኩ በየቀኑ አሰለቸዋለሁ። በዚያ ዘመን ውትድርና ላይ፣ ኪሱ ውስጥ ነጭ ፊውዝ የያዘ ሰዒድ የሚባል የአዋሽ ልጅ ያያችሁ ካላችሁ፣ ሞቶም ቢሆን እባካችሁ ንገሩኝ።