የሚስተር ደንካን ሁለተኛ በር

ኦሃዮ ውስጥ ካለው ብሌንደን ታውንሺፕ የተነሣሁት ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ። የምሄደው ወደ ሉዊስ ሴንተር፣ ድሮ የሞተ አንድ ስኮትላንዳዊ አርክቴክት የሣለውን የቤተ ክርስቲያናችንን ፕላን አንዲት አሮጊት እንዲያሳዩኝ ለመለመን ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሂሊያርድ በገዛነው አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ ወገኖቼ ተሰብስበው ግድግዳ ሊያፈርሱ ነው። የሚፈርሰውን ቦታ በጠመኔ ያሰመርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕንፃው ያለው በር አንድ ብቻ ነው። ወንዱና ሴቱ በአንድ በር እየተጋፋ መግባቱ አልዋጥልን ስላለ፣ በደቡቡ ግድግዳ የሴቶች በር ይከፈት ተባለ። እኔ አገር ቤት ሦስት ዓመት ፕላን ስለሣልኩ "መሐንዲሳችን" አሉኝ። ክብሩ ጣመኝና ሳልመረምር ግድግዳው መሐል ላይ አሰመርኩ። ሐሙስ ዕለት ስመለስ ግን ከመስመሩ በላይ ቀጭን ስንጥቅ አየሁ። ጣሪያው የተደገፈው እዚያ ላይ ቢሆንስ? አፈርኩና ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሉዊስ ሴንተር

በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መንገዱን አንሸራታች አድርጎታል። በአምስት ዶላር ቤንዚን ቀድቼ፣ በሃምሳ ሳንቲም ቡና ገዝቼ፣ የታጨደ የበቆሎ ማሳ ለማሳ አዘገምኩ። ሚስ አግነስ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ አያታቸው የአርክቴክቱ ወንድም ነበር። አድራሻቸውን የሰጡኝ ሕንፃውን የሸጡልን ሰዎች ናቸው።

ሴትየዋ ሻይ ሳልጠጣ ፕላኑን አያሳዩኝም። እሳቸው ይተርካሉ፣ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አርክቴክቱ ደንካን የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ነው። የከብት ገበያ ባለባት ትንሽ ከተማ ተወልዶ እዚያው ሞተ። ትምህርት ቤት፣ አንድ ባንክና ብዙ የገበሬ ቤት ሠራ፤ የትልቅ ከተማ ሰዎች ግን ሥራ ሰጥተውት አያውቁም። ኦሃዮ የገባው ወንድሙ የቤተ ክርስቲያን ፕላን ላክልኝ ሲለው፣ በአገሩ ከሠራው አንዱን ገልብጦ በመርከብ ላከለት። ሕንፃውን በዓይኑ አላየውም።

በመጨረሻ ወረቀቱ የማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ጠመኔዬ ባረፈበት ቦታ፣ በጥንቃቄ በተጻፈ የእጅ ጽሑፍ፣ ጣሪያው እዚህ ላይ ስለሚያርፍ ማንም እንዳይነካው የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። ከዚያ በስተምሥራቅ አራት እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ ቅስት ተሥሏል።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"የባላባቱ በር ነው። እዚያ አገር ባላባቱና ቤተሰቡ የሚገቡት በራሳቸው በር ነበር። እዚህ ባላባት ስለሌለ አያቴ ቅስቱን ከሠራ በኋላ በድንጋይ ደፈነው።"

"ደንካን ራሱስ በየት ይገባ ነበር?"

"በጓሮ በር ነዋ፤ የድንጋይ ጠራቢ ልጅ አይደል?"

ፕላኑ ከቤት አይወጣም አሉኝ። በስስ የዳቦ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት።

ስድስት ሰዓት ከሃያ፣ ሂሊያርድ

መንገድ ላይ ቆሜ ከነዳጅ ማደያ ስልክ ደወልኩ፤ የሥራው አስተባባሪ ጋሼ መኮንን ከቤት ወጥተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ገና ስልክ የለውም። ስደርስ የመዶሻ ድምፅ ከውጭ ይሰማል። ሦስት ድንጋይ ወጥቷል። ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ ባልዲ ይዘው ልክ ከሥሩ ቆመዋል።

"ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!"

"አርፍደህ መጥተህ ደግሞ ትጮህብናለህ እንዴ?" አሉ ጋሼ መኮንን።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልመረምር ነው ያሰመርኩት። ሐሙስ ስንጥቁን አይቼ ዝም አልኩ።"

ጋሼ መኮንን መዶሻውን አስቀምጠው "እሺ፣ መጀመሪያ እናስደግፈው" አሉ። በወፍራም እንጨት ደገፍነው፤ ድንጋዮቹንም መለስን። አራት እርምጃ ለክተን ልስኑን ስንፍቅ የደንካን ቅስት ብቅ አለ። የተደፈነበትን ድንጋይ አውጥተን ስንጨርስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በተከፈተው በር ብርሃን ገባ።

እትዬ በላይነሽ የባላባት በር እንደነበር ሲሰሙ ሊገቡበት ጫማቸውን አወለቁ። አሁንም አፍሬ ዝም ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

"እትዬ፣ ይቅርታ። የሚያውቅ መሐንዲስ ሰኞ መጥቶ ሳያየው ማንም አይግባ። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም።"

ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ብሌንደን

እትዬ በላይነሽ ጎረቤቴ ስለሆኑ ወደ ቤት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ ደንካንን አስብ ነበር። እሱ ለማያውቃቸው ሰዎች አስጠንቅቆ ጻፈ፤ እኔ ግን በየሳምንቱ ለጸሎት አብሬያቸው የምቆመውን ሴት ከስንጥቅ ሥር አቆምኳቸው። ይህን ነገርኳቸውና በዛሬው ተቀይመውኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"አባቴ ጭሰኛ ነበር" አሉ የመኪናውን በር እየከፈቱ። "ዕድሜውን ሙሉ ከባላባት ደጅ ቆሞ ኖረ። እኔ እስከ ሰኞ መቆም አያቅተኝም።"