ለይድ አለ ወይ?

ድሮ ነፋስ እፈራ ነበር። ጅግጅጋ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ በጂላል፣ ዝናብ በሌለበት በብርዱ ወራት፣ ነፋሱ ከሜዳው ተነሥቶ አቧራውን ይዞ ይመጣና በበር ሥር፣ በመስኮት ጠርዝ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። አሁን የምፈራው ነፋሱ ሲቆም ነው። ቤቱ ጸጥ ሲል ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ባለቤቴ መተንፈሱን አያለሁ።

ባለቤቴ የሥራ ዕድሜውን የጨረሰው አዲጋላ፣ ባቡር ጣቢያ ነው። እዚያ ሙቀቱ ሲብስ አልጋችንን ደጅ አውጥተን ነበር የምንተኛው። ጡረታ ወጥቶ ልጃችን ወዳለበት ጅግጅጋ ስንመጣ ብርዱን አልቻለውም። ሰውነቱ ከሳ፤ ሳል ያዘውና አልለቀው አለ። ልጃችን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቶ አመጣልን። መብራት ሲኖር ደህና ነን። ሲሄድ ግን ማሞቂያው ጥግ የቆመ ዕቃ ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ መብራት ብዙ ጊዜ ይሄድ ነበር።

ከአጥር ወዲያ የምትኖረው ጎረቤቴ ከሀርሺን የመጣች ሶማሌ ናት። ድርቁ ከብቶቻቸውን ሲጨርስ የቀሯትን ጥቂት ፍየሎችና ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማ ገባች። አማርኛዋ የገበያ ነው። በቋንቋዋ «እርስዎ» የሚባል ነገር ስለሌለ «አንቺ» ትለኛለች፤ ግን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ኤዶ» ነው የምትለኝ፣ አክስቴ እንደማለት። ባለቤቴን «አዴር» ትለዋለች፣ አጎቴ። እኔ ከእሷ ቋንቋ መጀመሪያ የተማርኩት «ለይድ ማ ጂራ?» የሚለውን ነው። መብራት አለ ወይ ማለት ነው። የጠፋው የእኛ ቤት ብቻ ይሁን የሰፈሩ ለማወቅ በአጥሩ ላይ እንጠያየቅ ነበር።

«ኤዶ፣ ለይድ ማ ጂራ?»

«የለም። እናንተስ ጋ?»

«የለም። ለይድ ባል አገባች መሰለኝ፣ ቤቷን ረሳች!»

አንድ ቀን ከሰል ገዝቼ ሳስገባ ከጆንያው አንድ ቁራጭ አንሥታ አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ገሎል ነው» አለች። ገሎል የግራር ዓይነት ነው። «የእኛ ግመል ከሥሩ ትተኛ ነበር። አሁን ሀርሺን ብትሄጂ ጥላ የለም። ጥላው እዚህ ነው» ብላ ጆንያውን በእግሯ ነካ አደረገችው።

አልተቆጣችም፤ እሷም ያንኑ ከሰል ታነዳለች። እኔን ግን ነገሩ ውስጤ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንደጃው ላይ ከሰል ስጨምር እጄን ያዝ ያደርገኝ ጀመር።

እናም መላ ዘየድኩ። ሙቀቱ ካልወጣ ትንሽ ከሰል ይበቃል ብዬ የመኝታ ቤቱን መስኮት ዙሪያውን በአሮጌ ነጠላ ጠቀጠቅኩት። በበሩ ሥር ምንጣፍ ጠቅልዬ አጋደምኩ። በእውነትም በግማሹ ከሰል ክፍሉ ሞቀ። በሥራዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎረቤቴ ግን አይታ ሳቀችብኝ።

«ኤዶ፣ ነፋስ ምን አደረገሽ? ሌባ ነው እንዴ እንዲህ የምትዘጊበት?»

«ከሌባም ይብሳል» አልኳት።

ነገሩ የደረሰ ዕለት መብራት የሄደው በጠዋት ነው። ከምሳ በኋላ ነፋሱ በረታና ባለቤቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዬ፣ ጢሱ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ፍሙ ሲቀላ ማንደጃውን አስገባሁ። ቁንጥር ጨው በተንኩበት፤ ጨው የከሰልን ጉዳት ያወጣል ሲባል ነው ያደግነው። ጢስ ከሌለው ምን ያደርጋል ብዬ በሩን ዘጋሁ።

«አሁን ገና ሰው ሆንኩ» አለ ባለቤቴ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። «አዲጋላን አመጣሽልኝ።»

«ተኛ እንግዲህ።»

ከጎኑ ተቀምጬ ምስር መልቀም ጀመርኩ። ራሴን አመመኝ፤ የነፋሱ ነው አልኩ። ምስሩና ጠጠሩ አልለይ አለኝ፤ የዓይኔ ነው አልኩ። የባለቤቴ ሳል መቆሙንም ልብ ብያለሁ። ሙቀቱ ተስማማው ብዬ አሰብኩ። ዛሬም ሳስበው ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ሳሉ ቆመና ደስ አለኝ።

ጎረቤቴ ወተት ይዛ መጣች። ስታንኳኳ ሰምቻለሁ፤ መነሣቱ ግን አቃተኝ። ራሷ በሩን ገፍታ ገባችና ባለችበት ቆመች።

«ለይድ!» አለች።

«የለም። ከጠዋት ጀምሮ የለም» አልኳት።

«ኤዶ! ለይድ! ለይድ!»

መጣ ማለቷ ነው ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ ተነሣሁና ማብሪያውን ተጫንኩት። አምፖሉ አልበራም። ደግሜ ተጫንኩት። እሷ ትጮኻለች፣ እኔ ማብሪያውን እጫናለሁ። ከዚያ ገፍታኝ አለፈችና ነጠላውን ከመስኮቱ መዥርጣ አወጣችው። ማንደጃውን በጨርቅ ይዛ ደጅ ጣለችው።

«አዴር! አዴር!»

አልመለሰላትም። ፍራሹን በአንድ በኩል ያዘች፤ እኔም በሌላው ያዝኩ፣ ይዤ ከሆነ። እየጎተተች ወደ ግቢው አወጣችው። ነፋሱ አቧራውን ፊቱ ላይ ይረጨው ነበር። በልማድ ነጠላዬን ላለብሰው ስል እጄን መታችው።

«ተዪው! ይምታው!»

ደረቱን አየሁ። ነፋሱ ሸሚዙን ያንቀሳቅሰዋል። ከሸሚዙ ሥር ደረቱ ይነሣ አይነሣ መለየት አልቻልኩም። እጄን ላስቀምጥበት ፈለግሁና ፈራሁ። ባዶ ሆኖ ባገኘውስ? እንደዚያ እጄን በአየር ላይ ይዤ ቀረሁ። ጎረቤቴ በጉልበቷ ተንበርክካ ትከሻውን ትነቀንቃለች፤ በቋንቋዋ ትጸልይ ትሳደብ አላውቅም።

አሳለው። አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎም ደጋግሞ። ዓይኑን ሳይገልጥ «በረደኝ» አለ።

በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ኦክስጅን አደረጉለትና አሳደሩት፤ እኔንም አዩኝ። ጢስ አልነበረውም ስላቸው፣ የሚጎዳው የማይታየውና የማይሸተው ነው አሉኝ። ጨውም እንደማያወጣው ነገሩኝ።

በረንዳው ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ጎረቤቴን እንዲህ አልኳት፦ «ለይድ ስትዪኝ እኮ መብራት መስሎኝ ነው።»

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቋ መጣና አፏን በሻሿ ሸፈነች።

«ለዚህ ነው እንዴ ማብሪያውን ጧ ጧ የምታደርጊው? እኔ ያበድሽ መስሎኝ!» ሳቋን ጨርሳ ቀጠለች። «ለይድ ሁለት ነው፣ ኤዶ። አንዱ የፈረንጅ ነው፣ በሽቦ የሚመጣ። አንዱ የእኛ ነው፣ የድሮ። ፀሐይ መቶሽ ከገሎል ሥር ስትቀመጪ ፊትሽን የሚነካሽ አየር። ስደነግጥ አማርኛው ጠፋብኝ።»

ባለቤቴ ድኗል። አንዳንድ ቃል ይጠፋዋል፤ ከዕድሜ ይሁን ከዚያ ቀን ሐኪሞቹን አልጠየቅኩም። ከሰል ክፍል ውስጥ አይገባም። መብራት ሲሄድ ብርድ ልብስ እንደርባለን፣ ውኃ አሙቀን በጎማ መያዣ እግሩ ሥር አደርግለታለሁ፤ መስኮቱ ግን ሁልጊዜ ገርበብ ያለ ነው። ባለቤቴ ያማርራል፣ አቧራውም ይገባል። በየጠዋቱ እጠርገዋለሁ።

ጎረቤቴ አሁንም በአጥሩ ላይ ብቅ ትላለች።

«ኤዶ፣ ለይድ ማ ጂራ?»

የትኛውን እንደሆነ አልጠይቃትም። መጀመሪያ ወደ መስኮቱ አያለሁ፣ ከዚያ ወደ ባለቤቴ ደረት። ከፍ ዝቅ ሲል ካየሁ በኋላ ነው የምመልስላት።